ጥሪ ነው ወይስ የውለታ ዕዳ? ከሐዋሳ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 23 ዓመቴ ነው፤ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች በጣም ታማ ነበር። በሰላም ከተገላገልኩ ልጄን ለእግዚአብሔር እሰጣለሁ ብላ ተሳለች። የተወለድኩት ሲስተሮች ክሊኒክ ውስጥ ነው። አባቴ ሲሞት ያስተማሩኝም እነሱ ናቸው። አሁን ነርስ ሆኜ አንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። እናቴ አቶቴ አካባቢ ጀበና ቡና ትሸጣለች፤ ሁለት ታናናሾች አሉኝ። ከሲስተሮቹ ጋር ስጸልይ ልቤ ደስ ይለዋል፤ ማኅበራቸው ልግባ ብዬ አስባለሁ። ማታ ማታ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይሄ ጥሪ ነው ወይስ ዕዳ? ስለቱን ባልፈጽም እግዚአብሔር ይቀየመኛል? ብገባስ እናቴ ምን ትሆናለች?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ከገባሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት እንዳንቺ ያሉ ልጆችን በማዳመጥ ነው። ይህን ጥያቄ ከአፋቸው ሳያወጡት የገቡ አውቃለሁ። ከዓመታት በኋላ ውስጥ ውስጡን ሲበላቸውም አይቻለሁ። አንቺ ከመግባትሽ በፊት በመጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል።

ከስለቱ ልጀምር። ቶሎ የሚፈታው እሱ ነው።

ስለት የሚያስረው የተሳለውን ሰው ብቻ ነው። ይህን ላጽናናሽ ብዬ ያመጣሁት እንዳይመስልሽ። በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ቁጥር 1193 ላይ በግልጽ ተጽፏል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ስለት ማለት ሰው አስቦበት፣ በነጻ ፈቃዱ ለእግዚአብሔር የሚገባው ቃል ነው። እናትሽ በጭንቅ ሰዓት ያላቸውን ሁሉ ይዘው ወደ እግዚአብሔር ሮጡ። አንቺን በማህፀናቸው ይዘውሻል፤ ፈቃድሽ ግን በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ ሊሰጡልሽ አይችሉም። እግዚአብሔር አይቀየምሽም።

እናትሽ ግን ሊጨነቁ ይችላሉ። በእኛ አገር ስለት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ለስለቱ ብሎ ስንት አገር አቋርጦ ይሄዳል። ስለዚህ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብለሽ አፋቸውን አታስይዣቸው። ቆሞሱ፣ ማለትም የአጥቢያችሁ ኃላፊ ካህን ጋ ይዘሻቸው ሂጂ። ቆሞስ በቁምስናው ላሉ ምእመናን የግል ስለትን በበቂ ምክንያት የመፍታት ሥልጣን አለው። እናትሽም ራሳቸው ስለታቸውን በተሻለ ወይም በተመጣጠነ መልካም ነገር መለወጥ ይችላሉ። ለምሳሌ በየሳምንቱ አንዲት አራስ እየጠየቁ አንድ ጀበና ቡና ያፈሉላት ይሆናል። ያን ቡና እግዚአብሔር በደስታ ይቀበለዋል፤ እኔ በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

«ሐናስ ሳሙኤልን ተስላ ሰጥታው የለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ሰጥታዋለች። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን ግን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ልጁ ያደገው መቅደስ ውስጥ ነው። ሌሊት ስሙ ሲጠራ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ወደ ዔሊ ሮጠ። የሚያውቀው የአሳዳጊውን ድምፅ ነዋ! ዔሊም «አልጠራሁህም፤ ተመለስና ተኛ» አለው። በአራተኛው ነው ሳሙኤል በራሱ አፍ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ያለው። የእናቱ ስለት እስከ በሩ አደረሰው። መልሱን የሰጠው እሱ ነው።

ያንቺም ጭንቀት እዚች ላይ ነው ያለው። ሲስተሮቹ አሳድገውሻል፤ ስምሽ ሲጠራ ወደ እነሱ መሮጥ ለምደሻል። ጥሩ አሳዳጊ እንደ ዔሊ «እኔ አልጠራሁሽም» የሚል አንጀት ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ውለታው።

እኛ ዘንድ «ውለታ ቢስ» ተብሎ ከመሰደብ የሚብስ ጥቂት ነው። ይህ ደግሞ መልካም አስተዳደግ ነው፤ አልነቅፈውም። ችግሩ ውለታ ቀስ እያለ ሂሳብ ሲሆን ነው። ይህን ያህል ተደረገልኝ፣ ይህን ያህል መለስኩ፣ ይህን ያህል ቀረኝ እያሉ መኖር ሲመጣ። ዕዳ ሆኖ የተጀመረ ነገር አንድ ቀን «ከፈልኩ» ተብሎ ያበቃል፤ አለዚያም አልከፈል ብሎ ሰውን ያመርራል።

አንዲት ልጅ ነበረች። የት ቤት እንደነበረ ይቅር። እንዳንቺ በማኅበር ድጋፍ የተማረች ናት። ኖቪሽየት፣ ማለትም ከመሐላ በፊት ያለው የዝግጅት ጊዜ ውስጥ ሆና አንድ ቀን ማዕድ ቤት ስታጥብ ሰሃን ወደቀባትና ተሰበረ። ኃላፊዋ «ይሄ ሁሉ ተደርጎልሽ!» አለቻት። ልጅቷ ተንበርክካ ስብርባሪውን ትለቅም ጀመር። ጣቷን ቆርጧት ደሙ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ እንኳ ቀና አላለችም። ማታ እኔ ጋ መጣች። በጨርቅ የታሰረ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ «ሲስተር፣ ስንት ዓመት ካገለገልኩ ነው የሚያልቅልኝ?» አለችኝ። እስካሁን ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ አለ። ያች ልጅ ለእግዚአብሔር ራሷን እየሰጠች አልነበረም፤ በየወሩ እየቆረጠች ትከፍል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ተነጋግረን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዛሬ መምህርት ናት፤ ትዳር ይዛለች። በየፋሲካው ለሲስተሮቹ ድፎ ዳቦ ጋግራ ትልካለች። ዳቦውን ስታመጣ ፊቷን ብታይው! ማመስገን የቻለችው ዕዳው ከጫንቃዋ ሲወርድ ነው።

ወንጌሉም ላይ አለልሽ። ማርቆስ ምዕራፍ 5። በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው፣ በሰንሰለት እንኳ የማይያዘው ሰው ዳነ። ኢየሱስ ታንኳ ውስጥ ሲገባ «አብሬህ ልሁን» ብሎ ለመነው። እንደሱ ያለ ባለ ውለታ ከየት ይገኛል? ኢየሱስ ግን አልፈቀደለትም። ወደ ቤተሰቡ ሄዶ የተደረገለትን እንዲናገር ነገረው። ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ ጌታ በሐይቁ ዳር ሲያልፍ ያዕቆብና ዮሐንስን ጠራ። አሞራ ገደል እንደምታያቸው ልጆች ታንኳቸው ውስጥ መረባቸውን ሲጠግኑ ነበር። ፈውስ ለምነው ያገኙ ሰዎች ናቸው የሚል ነገር የለም። ስለዚህ በጣም ያመሰገነ ሁሉ አይጠራም፤ የተጠራም ሁሉ ዕዳ ስላለበት አይደለም። የተመለሰው ሰው ምስጋናውን አልተቀማም። ቤቱ ሆኖ ኖረው።

ታዲያ ምስጋና በዚህ ሕይወት ውስጥ ቦታ የለውም ወይ? አለው እንጂ! መሠረቱ እሱ ነው። ቋንቋችን ራሱ ይነግርሻል። ሰው ደግ ሲያደርግልን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ምን ማለት ነው? እኔ መመለስ አልችልም፣ በእኔ ፈንታ እግዚአብሔር ይስጥሽ ማለት ነው። ሂሳቡን ለሱ አስረክበነው እጃችን ባዶ ይሆናል፤ ባዶ እጅ ደግሞ መስጠት ይችላል። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን፤ ቆም ብለን ብናስበው ግማሹን ጥያቄሽን የሚመልስ ይመስለኛል።

ቅዳሴውም ይህንኑ ያስተምራል። ግሪኮች ኤውካሪስቲያ ያሉት ቃል ትርጉሙ ምስጋና ነው። ግእዙም አኮቴት ይላል፤ «አኮቴተ ቁርባን» የምንለው ከዚያ ነው። ጌታ በዚያች ሌሊት ኅብስቱን አንስቶ አስቀድሞ አመሰገነ፣ ከዚያ ቆረሰ፣ ከዚያ ሰጠ። ማግስቱን ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ ነው ያመሰገነው። ያመሰገነው ለአባቱ ነው፤ የሰጠው ደግሞ ምንም ውለታ ላልዋሉለት፣ ጥለውት ለሚሸሹ ሰዎች። እዚህ ውስጥ የብድር መመለስ ነገር አታገኚም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ወጣት ሲስተር ሆኜ ክሊኒክ ስሠራ አንዲት እናት መጣች። ከሳምንት በፊት ልጇ ከሳንባ ምች ድኖላታል። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለሉ ሦስት እንቁላሎች ናቸው። አንዱ ላይ ገለባ ተጣብቆበታል። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ሦስት እንቁላል ለሷ የሳምንት ጨውና ሳሙና ነው። «አይ፣ ለልጅሽ አብይለት» ብዬ እጇን መለስኩ። ፊቷ ጭልም አለ። ትልቋ ሲስተር ከመርፌ ክፍሉ ብድግ ብለው መጡ። እንቁላሎቹን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና «እግዜር ይስጥልኝ፤ የዛሬ እራታችን ተገኘ» አሏት። ሴትዮዋ እየሳቀች ወጣች። ከዚያ ወደኔ ዞረው «መቀበል የማታውቂ ከሆነ፣ ስትሰጪም ሰው ላይ ቆመሽ ነው የምትሰጪው» አሉኝ። ማታ ሦስቱን እንቁላል በሽንኩርት ጠብሰን ለሰባት ተካፈልናቸው።

ይህን የማወራሽ ለምን መሰለሽ? አንቺ ጥሩ አድርገሽ ተቀብለሻል። ክሊኒኩን፣ ትምህርቱን፣ ጸሎቱን። ያ ስጦታ ነበር። ስጦታውን ወደ ብድር የለወጠው የሲስተሮቹ እጅ ይሁን ያንቺ ፍርሃት፣ መለየት አለብሽ። ከሲስተሮቹ አንዷ ውለታ አንስታብሽ ታውቃለች? ካነሳች፣ ይህ ራሱ መነጋገሪያ ነው። ካላነሳች፣ ያልተጠየቅሽውን ዕዳ ተሸክመሽ እየዞርሽ ነው።

ስለ ደስታሽም ጽፈሻል። ከእነሱ ጋር ስትጸልዪ ልብሽ ደስ ይለዋል። ጥሩ ምልክት ነው፤ አልንቀውም። ግን ታቦር ተራራ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ስሙ የወንጌሉን ተራራ ያስታውሳል። ጴጥሮስ ከላይ ሆኖ «እዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው፣ ዳስ እንሥራ» አለ። ወዲያው ግን ወረዱ። ታች የጠበቃቸው የታመመ ልጅና የጨነቀው አባት ነው። የማኅበር ሕይወት አብዛኛው ታች ነው። ነርስ ነሽና የመጀመሪያ እንግዳሽ ሌሊት 9 ሰዓት የመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል። መሐላ የምንገባው ለድህነት፣ ለታዛዥነትና ለንጽሕና ነው። ድህነት ስንል በሥራሽ የምታገኚው የማኅበሩ ይሆናል ማለታችን ነው፤ ለታናሽ እህትሽ ጫማ ልትገዢ ስትፈልጊ ከኪስሽ አታወጪም። ታዛዥነት ስንል ሐዋሳን፣ ሐይቁን፣ የለመድሽውን ቅዳሴ ትተሽ ቋንቋውን ወደማታውቂው አገር ልትመደቢ ትችያለሽ ማለት ነው። ንጽሕናውም የራሱ ሌሊት አለው። የሰው ልጅ አዋልደሽ፣ አጥበሽ፣ ለእናቱ አስታቅፈሽ ብቻሽን ወደ ክፍልሽ ትመለሻለሽ። እኔ በዚያች መንገድ አልቅሼ አውቃለሁ። ያቆየኝ ግን ዕዳ አልነበረም። ክፍሌ ስደርስ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ፤ ደግሞም እወደዋለሁ። ይህን ሌላ ሰው ሊኖርልሽ አይችልም። ካለሽ ታውቂዋለሽ። ከሌለሽ ደግሞ የሲስተሮቹ ደግነት ሊተካልሽ አይችልም።

ወደ እናትሽ ልመለስ። ይህኛው ክፍል ላይ ሰዎች በጸሎት ስም ሲያድበሰብሱ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በግልጽ እነግርሻለሁ።

ኢየሱስ በማርቆስ ምዕራፍ 7 የነቀፋቸው ሰዎች ነበሩ። ለአባትና ለእናት የሚገባውን እርዳታ «ቁርባን ነው» ብለው የሚከለክሉ። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ጥያቄ ተጠይቆ፣ ወላጆች ያለ ልጃቸው እርዳታ በአግባቡ መኖር የማይችሉ ከሆነ ልጁ ትቷቸው ወደ ገዳም ሊገባ አይገባውም ብሏል። በ1917 የወጣው የቀድሞው ሕገ ቀኖናም በከባድ ችግር ላይ ያሉ ወላጆቹን መርዳት ያለበት ሰው ኖቪሽየት እንዳይገባ ይከለክል ነበር። አሁን በሚሠራበት ሕግ ላይ ይህ አንቀጽ የለም። አስተዋይ ኃላፊ ግን ዛሬም ትጠይቃለች። ካልጠየቀችሽ አንቺ ንገሪያት።

የኮምቦኒን ስም ሐዋሳ እየሰማሽ ነው ያደግሽው፤ በስሙ የሚጠሩት ሚስዮናውያን ሲዳማ ምድር ላይ ብዙ ለፍተዋል። የሰውየውን ታሪክ ግን ላስታውስሽ፤ ካንቺ ታሪክ ጋር በጣም ይቀራረባል። ዳንኤል ኮምቦኒ በ1831 ሊሞኔ በምትባል የጣልያን መንደር፣ በጋርዳ ሐይቅ ዳር ተወለደ። ከስምንት ልጆች በሕይወት ያደገው እሱ ብቻ ነው። አባቱ የሰው ሎሚ ተክል የሚንከባከብ ሠራተኛ ነበር። ቤተሰቡ ማስተማር ስላልቻለ፣ አባ ኒኮላ ማዛ ቬሮና ውስጥ ለድሃ ጎበዝ ልጆች በከፈቱት ተቋም በነጻ ተማረ። እንዳንቺ ማለት ነው። ከዚያ ቤት የተማሩት ሁሉ ግን ካህን አልሆኑም። በ1857 ወደ አፍሪካ ሊሄድ ሲል እግሩን የያዘው የወላጆቹ ነገር ነበር። አንድ ልጃቸው ነው፤ ድሃ ናቸው። ጭንቀቱን አልደበቀም። ለመንደሩ ቆሞስ ጻፈ፣ ሱባኤ ገባ፣ መንፈሳዊ መሪውን አማከረ። የወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። በዓመቱ እናቱ ዶሜኒካ ሞተች፤ እሱ ሱዳን ነበር። ራሱም በ1881 ካርቱም ውስጥ በ50 ዓመቱ አረፈ። በ2003 ቅዱስ ተባለ።

እሱ ሄዷልና አንቺም ሂጂ እያልኩሽ አይደለም። ቅዱስ የተባለው ሰው የእናቱን ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው የተነጋገረበት። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ታናናሾችሽ ስንተኛ ክፍል ናቸው? የቤት ኪራዩን ማን ነው የሚከፍለው? ቡናው በወር ስንት ያስገባል? እናትሽ ቢታመሙ ማን አለ? ይህን በወረቀት ጻፊው። መልሱ «ታናሼ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ሁለት ዓመት መሥራት አለብኝ» ከሆነ፣ ሥሪ። ጥሪ ሁለት ዓመት ቢጠብቅ አይሻግትም። እንዲያውም እየሠራሽ፣ እናትሽን እየደገፍሽ፣ ጠዋት ጠዋት እየጸለይሽ ፍላጎቱ ከቆየ፣ ከምንም በላይ ጥሩ ማስረጃ ይሆንሻል።

ሕጉም አያጣድፍሽም። ከኖቪሽየት በፊት የመተዋወቂያ ጊዜ አለ፤ ርዝመቱ እንደየማኅበሩ ነው። ኖቪሽየቱ ራሱ ቢያንስ 12 ወር ነው። ጊዜያዊው መሐላ ከ3 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል፤ ቢራዘምም በጠቅላላው ከ9 ዓመት አያልፍም። የዘላለም መሐላ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኖቪስ በማንኛውም ቀን በነጻነት መውጣት ትችላለች። በጉልበት፣ በከባድ ፍርሃት ወይም በማታለል የተፈጸመ መሐላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ፊት አይጸናም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል የምትጠነቀቀው ለምን ይመስልሻል? ተገዶ የተሰጠ ሰው ስላልተሰጠ ነው።

አሁን ምን ታድርጊ? በመጀመሪያ ሲስተሮቹን ለብቻው አመስግኚያቸው። ከጥሪው ጋር ሳትቀላቅዪው። ሂጂና እንዲህ በያቸው፦ «አስተምራችሁኛል፤ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ማኅበራችሁ ብገባም ባልገባም እወዳችኋለሁ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ስትናገሪ ድምፅሽ ምን እንደሚሆን አስተውዪ። የእነሱንም ፊት አስተውዪ። ከፈለግሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒካቸው ገብተሽ በነጻ አግዢ። ምስጋናሽ የራሱ መውጫ ሲያገኝ፣ ከሥሩ የሚቀረውን ነገር ማየት ትጀምሪያለሽ።

ከዚያ ከአንድ መንፈሳዊ መሪ ጋር ተገናኚ። ከዚያ ማኅበር ያልሆነ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ። ሌሎች ማኅበራትንም ሄደሽ እዪ። ይህ ክህደት አይደለም። ሌላ ቤት ስታዪ ልብሽ ወደ እነዚያው ሲስተሮች ከተመለሰ፣ በራሱ እግር ተመለሰ ማለት ነው። ሱባኤ ስትገቢም አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ግቢ፦ እናቴ ባትሳል፣ ሲስተሮቹ ብር ባይከፍሉልኝ፣ ዛሬ ከማንም ምንም ሳይኖርብኝ ብነቃ፣ ጌታ ሆይ፣ እዚህ መምጣት እፈልግ ነበር? መልሱ ቶሎ ካልመጣ አትደንግጪ። ሳሙኤልም የተጠራው አራት ጊዜ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ እናትሽ ጀበናቸውን አጥበው፣ ረከቦታቸውን አንስተው ሲገቡ አጠገባቸው ቁጭ በዪ። ስለቱን የተሳሉበትን ቀን አንድ በአንድ እንዲያጫውቱሽ ጠይቂያቸው። ምን ያህል እንደፈሩ፣ ማን እንደነበረ፣ ስትወለጂ ምን እንዳሉ። እስከ ዛሬ የነገሩሽ «ተስዬ ነበር» የሚለውን ብቻ ይሆናል። ሙሉውን ስሚውና፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሞሱ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ከዚያ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።